ጋሼ ዘውዱ ስለ ውሃው የተናገሩት

ጋሼ ዘውዱን ከሩቅ ያየ ሰው ፈገግታ የማያውቁ ኮስታራ ሽማግሌ ይመስሉታል። አይደሉም። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኢስተን አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት አብሬያቸው አንሶላ አጥፌያለሁ፤ እንደ እሳቸው የሚያስቀኝ ሰው አላጋጠመኝም። ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዱ በዚያ ጫፍ፣ ሌላው በዚህ ጫፍ ይይዝና እየተጠጋጉ ያገናኙታል። በተገናኘን ቁጥር ጫፉን እያቀበሉኝ፣ «ማንያህልሻል፣ በቀን መቶ ጊዜ እንዲህ እየተቀራረብን ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው።

አንድ ጠባያቸው ግን ግራ ያጋባኝ ነበር። ውሃ ቀድመው አይጠጡም። የእኛ ክፍል በክረምት እንኳ ያልባል፤ ማድረቂያዎቹ አፍ ለአፍ ገጥመው ሲነዱ ጉሮሮ ይደርቃል። ብሬክ ስንወጣ ጋሼ ዘውዱ የወረቀት ኩባያ ደርድረው ለሁሉም ይቀዳሉ፤ ለእኔ፣ አብራን ለምትሠራው ለሞሚና፣ ለሱፐርቫይዘራችን፣ ፎጣ ሊወስድ ለመጣ እንግዳ ሠራተኛ ሳይቀር። ሁሉም ከጠጣ በኋላ ነው ለራሳቸው የሚቀዱት። ሰው ከሌለ ኮሪደር ወጥተው ሰው ይፈልጋሉ። ሞሚና አንድ ቀን፣ «ይሄ ሰውዬ ስለት አለበት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ያስተዳደግ ነው፤ እኛ እንዲህ ነን» አልኳት። አገሬን ማሞገሻ ቀዳዳ ካገኘሁ አልምርም።

ይህን ጠባዬን አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል። ኮሎምበስ የገባሁት ከኬንያ የስደተኞች ጣቢያ ነው፣ በዘጠናዎቹ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት መጋዘን ውስጥ አንዲት ሴት ምሳዬን እያየች፣ «ጨርሺው እንጂ፣ አገርሽ ይሄ የት ይገኛል?» አለችኝ። ሌላው፣ «ቤት አላችሁ ወይስ ዛፍ ሥር ነው?» አለኝ። መልስ የምመልስበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። እንግሊዝኛው ሲመጣ ደግሞ ቂሙ አብሮ አደገ። አዲስ አበባ ላይ ባቡር መሮጥ የጀመረ ጊዜ ፎቶውን ስልኬ ላይ ጫንኩና ያገኘሁትን ሁሉ ማሳየት ሆነ ሥራዬ። የጥርስ ሐኪሜ እንኳ አላመለጠም፤ እሱ አፌን ከፍቶ፣ እኔ ስልኬን ከፍቼ።

ጋሼ ዘውዱ አገር ቤት ሳሉ በአንድ ወረዳ የመሬት ባለሙያ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተው ብቻቸውን ሲቀሩ፣ በዲቪ ቀድማ የመጣችው ልጃቸው ሮሃ አስመጣቻቸው፤ ኖርዝላንድ የሚባል ሰፈር እሷ ቤት ይኖራሉ። እንግሊዝኛቸው ተቆጥሮ ሃያ ቃል ቢሆን ነው። እኔ አጠገባቸው እያለሁ ምን ያደርግላቸዋል? ሱፐርቫይዘሩ ሲናገር እኔን ያያሉ፣ እሳቸው ሲናገሩ ሱፐርቫይዘሩ እኔን ያያል። አፋቸውም ጆሯቸውም እኔ ነበርኩ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሊቲያ ተቀጠረች። ከፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የአንዷ ልጅ ናት፤ አገሯን ካርታ ላይ ስታሳየኝ ዝንብ ያረፈችበት ነጥብ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ጋሼ ዘውዱ ዘለው ተነሡ። «ጎደሬ! ማንያህልሻል፣ ይቺ ልጅ ጎደሬ ትበላለች!» እውነትም ጎደሬ ነበር፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ። ሞርስ ሮድ ካለው ግሮሰሪ ነው የምትገዛው። አካፈለቻቸው፣ ባረኳት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንክል» አለቻቸው። የጾም ወራታችንን እንኳ አጥንታ፣ በጾም ከምታካፍላቸው ጎደሬ ዓሣውን ታወጣላቸው ነበር።

የአገሯን ወሬ የምትነግረን በብሬክ ሰዓት ነው። ቻይናዎች ለመንግሥታቸው ሕንፃ ሠርተዋል፣ ስታዲየም ሠርተዋል፣ አሁን ደግሞ የእሷ ዘመዶች ከሚኖሩበት ዳርቻ ላይ ትልልቅ መርከብ የሚያስጠጋ ወደብ ሊሠሩ ነው። ያንን የሰሙ አሜሪካኖችና አውስትራሊያኖች ደግሞ ተራ በተራ ይመላለሳሉ። «አርባ ዓመት ዞር ብሎ ያየን ሰው አልነበረም» አለችን። «አሁን በወር ሁለት ልዑክ ይመጣል። እናቴ የምታርደው ዶሮ አለቀባት።»

ተርጉሜ ስነግራቸው ጋሼ ዘውዱ ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ግን፣ «ለወደቡ የሚሆነውን ድንጋይ ከየት ነው የሚያወጡት በያት?» አሉኝ።

ጠየቅኋት። ከጉድጓዳቸው በላይ ካለው ኮረብታ ነው፤ ሌላ ኮረብታ የለም። ጉድጓዱስ? የሚጠጣ ውሃ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ የተቀረው ጨው ነው። ጋሼ ዘውዱ ያን ቀን ከሰዓት አንሶላ ስናገናኝ አንድም ቀልድ አልተናገሩም።

በሊቲያ አገር መሬት የዘር ነው። ለማከራየት እንኳ አዋቂ የሆነ ሁሉ፣ ባሕር ማዶ ያለውም ጭምር፣ መስማማት አለበት፤ የመጨረሻው ቃል ደግሞ የእናቷ ነው። ግማሹ ወደቡን ይፈልጋል፣ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ ይላል። ግማሹ ውሃውን ይፈራል። መስማማት አልቻሉም። አንድ ቀን ሊቲያ ማድረቂያው አጠገብ ያዘችኝና፣ «አንክል ቻይናዎቹ አገራችሁ መንገድ ሲሠሩ አብሯቸው ነበር ብለሽኛል። ከእኛ የሚጠቀመው ነገር የለም። ለቤተሰቦቼ ያየውን ይንገርልኝ። እናቴ ሹሞቹን አታምንም፣ አንድ ሽማግሌ ግን ታምናለች» አለችኝ።

«ምን ችግር አለው!» አልኳት፤ እሳቸውን ሳልጠይቅ።

ጋሼ ዘውዱ ግን ሁለት ሳምንት አሰቡበት። የነፍስ አባታቸው ጋ ሁለት ጊዜ ሄዱ። ከዚያ መጥተው፣ «እናገራለሁ። አንቺ ግን ቃሌን እንዳለ ታደርሺልኛለሽ» አሉኝ።

«ምን ሆኛለሁ ጋሼ? ስንቱን ሰው ሐኪም ቤት ወስጄ አስተርጉሜ የለ?»

ዕለቱ እሑድ ነበር፣ ዐቢይ ጾም። እኛ ዘንድ እሑድ ከሰዓት ሲሆን እነሱ ዘንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጋሼ ዘውዱ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነጠላ ደርበው ሊቲያ አፓርትመንት ደረስን። ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር ኮኔክት አድርጋዋለች። በቆርቆሮ ዳስ ሥር ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ መሐል ላይ እናትየው፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ። ጋሼ ዘውዱ ብድግ ብለው እጅ ነሡ። እዚያ ማዶም ሁሉም ብድግ አሉ።

«እናቴ» ብለው ጀመሩ፣ «መንገዱ ተሠርቷል። ጥሩ መንገድ ነው፣ እሱን አልክድም።» ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ።

«መንገዱ በሚያልፍበት ገደል ሥር አንድ ምንጭ ነበረ። ሦስት ቀበሌ የሚጠጣው እሱን ነው። ሕዝቡን ሰብስቦ ማነጋገር የእኔ ሥራ ነበር።» ይህንንም ተረጎምኩ።

«የቻይናው መሐንዲስ አንድ ቀን ጠራኝ። ‹ይህ ገደል ከተቆረጠ ምንጩ ይጠፋል። በሌላ በኩል መዞር ይቻላል፣ ስድስት ወር ግን ያዘገያል። ሕዝቡን ጠይቃቸው› አለኝ። አለቆቼ ደግሞ መንገዱ ለበዓል እንዲመረቅ ቸኩለዋል። እኔም ሕዝቡን ሰበሰብኩና፣ ‹ውሃው አይነካም፣ በእኔ ይሁንባችሁ› አልኳቸው።»

እኔ ራሴ ይህን ታሪክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ሃያ ፊት ይጠብቀኛል። ያቺ የመጋዘኗ ሴት ጆሮዬ ላይ መጣች፤ «አገርሽ ይሄ የት ይገኛል?» የምትለው። እነዚህ በካርታ ላይ የማይታዩ ሰዎች እንኳ ሊያዝኑልን ነው ብዬ አሰብኩ። ሹሞቻችን ዋሾ፣ ሕዝባችን ውሃ የጠማው ሊባል ነው፤ በእኔ አንደበት። የቤት ገመና ለባዕድ አይነገርም ተብዬ ነው ያደግሁት። እናቴ ጎረቤት ሲመጣ ባዶ ድስት ከድና እሳት ላይ የምትጥድ ሴት ነበረች።

«ስለ ውሃው መሐንዲሱን ራሳቸው አነጋግረውታል» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ለሕዝቡም ውሃው እንደማይነካ ቃል ገቡለት።»

ይኸው። አንድም የፈጠርኩት ነገር የለበትም፣ ሁሉም ውሸት ነው። ሊቲያ ወደ አገሯ ቋንቋ መለሰችው። እናትየው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሼ ዘውዱ ቀጠሉ። «ምንጩ ደረቀ። ከዓመት በኋላ ወደዚያው ሄድኩ። ይሰድቡኛል፣ ይደበድቡኛል ብዬ ነበር። አንዲት አሮጊት ሦስት ሰዓት ተጉዛ በጀሪካን ያመጣችውን ውሃ በጣሳ ቀዳችልኝ። ልጆቿ ቆመው እያዩ፣ ‹እንግዳ ነህ፣ ቅድሚያ ጠጣ› አለችኝ። ጠጣሁ። እናቴ፣ ያ ውሃ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።» ይህን ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ያ የወረቀት ኩባያ፣ ያ ለሁሉም መቅዳት፣ ያ ኋላ መጠጣት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ገብቶኝም አልተመለስኩም።

ሊቲያ ደንግጣ፣ «ምን ሆነ? ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ።

«አገራቸው ትዝ ብሏቸው ነው። ሕዝቡ በጣም ያከብራቸው ነበር። ሲመለሱ ውሃ አጠጥቶ ተቀበላቸው።»

ይህን አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማዶ ያሉት እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ስለዚህ እናቴ፣ መንገድ አትሥሩ፣ ወደብ አትሥሩ አልልም» አሉ ጋሼ ዘውዱ ዓይናቸውን ጠርገው። «መሐል የቆመ ሰው የሚነግራችሁን ግን አትመኑ። መሐንዲሱን ራሱን ጠይቁት። በጆሯችሁ ሳትሰሙ እንዳትፈርሙ።»

እኔም መሐል ቆሜ፣ «መሐንዲሶቹን እመኗቸው ይላሉ» አልኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ሁሉንም አልሽልኝ?» አሉ።

«ሁሉንም፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ። አባ፣ ‹በአፍህ የበደልከውን በአፍህ ካስ› ብለውኝ ነበር። ምን ላድርግልሽ?»

«ኧረ ምንም» አልኩ፤ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል።

በማግሥቱ ብሬክ ላይ ኩባያ አነሡ፣ ቀዱ፣ የመጀመሪያውን እራሳቸው ጠጡት። ሞሚና አየችኝ። «ዛሬስ ጠማኝ!» አሉና ደገሙ። ለፋሲካ ቆረቡ። አንሶላ እያጠፉ የማላውቀውን መዝሙር ያንጎራጉሩ ጀመር፣ ድምፃቸው አይረባም። ብነግራቸው ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ባልነግራቸው ማዶ ያለው ጉድጓድ አለ። በየቀኑ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አደርኩ። ማን ያውቃል፣ ላይፈርሙም ይችላሉ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እንዲህ ያለ ማባበያ ለአንድ ሰሞን ይሠራል።

ግንቦት ላይ ሊቲያ አንድ ጥቅልል ተሸክማ ገባች። እናቷ የላኩት ነው። ፈታ ስታሳየን ከቅጠል የተሠራ ምንጣፍ ነው፤ ሰሌን ይመስላል፣ ግን እንደ ሐር የለሰለሰ፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት ያለበት። እናትየው ሁለት ወር ሙሉ ነው አሉ የሠሩት። ሊቲያ ስጦታውን በሰው አፍ መስጠት አልፈለገችም። ጋሼ ዘውዱ ፊት ቆማ፣ ለልጅ እንደሚነገር ቀስ አድርጋ፣ በራሷ አፍ ተናገረች።

«አንክል። ማማ ሴይ ታንክ ዩ። ዩ ሴይ ዋተር ጉድ። ዊ ሳይን።»

ከዚህ ውስጥ ጋሼ ዘውዱ የማያውቁት ቃል አልነበረም። ውሃ ደህና ነው አልክ፣ እኛም ፈረምን። ምንጣፉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ማድረቂያው ውስጥ የሚዞረውን ፎጣ አየሁ። ፊታቸውን አላየሁትም፤ ስለዚህ ምን ይመስል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም።

እንዲህ ሲሉ ግን ሰማሁ፤ «ሶሪ፣ ሊቲያ። ማይ ሚስቴክ። ዋተር ኖ ጉድ። ዋተር ፊኒሽ። ኮል ማማ። ኖ ሳይን።» በእጃቸውም ደረታቸውን ይመቱ ነበር፤ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያሉ።

ሊቲያ ወደ እኔ ዞረች። «ምንድን ነው የሚለው?»

እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ለሰው አይሰጥም የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ሰጥቶኛል፤ እዚያው፣ በቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት። «ያን ጊዜ ሁሉንም አልተናገርኩም፣ ተሳስቻለሁ ነው የሚሉት» አልኳት። ከዚህ ውስጥ ውሸቱ የተናጋሪው ስም ብቻ ነበር።

ሊቲያ ስልኳን ይዛ ወደ ፓርኪንጉ ሮጠች። ወረቀቱ ግን ከተፈረመ ሳምንት አልፎታል፤ ማሽኖቹም ከመርከብ ወርደዋል። ጥቅምት ሲገባ ጉድጓዱ ጨው ጨው ማለት ጀመረ። አሁን ኩባንያው በሳምንት ሁለቴ በቦቴ ውሃ ያመጣላቸዋል። አንድም ቀን አዘግይቶ አያውቅም፣ በሐሰት አልወነጅለውም። መሐንዲሱን ስለ ውሃው የጠየቀው ሰው የለም። እመኑት አልኳቸው፣ አመኑት።

ከዚያ ወዲህ ሊቲያ ጋሼ ዘውዱን ሰላም አትልም። አንሶላ እንኳ ከእሳቸው ጋር አታጥፍም። «አንክል» የሚለው ስም ቀርቶ «ያ ሰውዬ» ሆነዋል። እኔን ግን ትወደኛለች። ሥራ በጠፋበት ሰሞን ሺፍቷን አካፍላኛለች። አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ? እሱ ያለውን ነው ያደረስሽው» ብላ አጽናናችኝ። ቤቴ ገብቼ የእቃ ማጠቢያው ላይ ተደግፌ ለብዙ ጊዜ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ማልቀስ የእኔ እንዳልሆነ ተሰማኝ።

ጋሼ ዘውዱን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። አውቶቡስ ሲጠብቁ አጠገባቸው ቆምኩና፣ «ጋሼ፣ ለምን አላጋለጡኝም?» አልኳቸው።

«መሐል መቆም ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። ሰው ሲጠብቅሽ እውነቱ ምላስሽ ላይ ይከብዳል። እኔ ማፈሩን ከለመድኩት ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ።»

«ልንገራት?»

«እሱን ንገሪያት ወይም ተዪው አልልሽም። እኔ ለራሴ ዐሥራ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።» አውቶቡሱ መጣና ገቡ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ አንድ ጥሩ ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ ብዬ ነው። የጻፍኩት ግን በአማርኛ ነው፣ ሊቲያ አታነበውም። ይህንንም አውቄ ነው የጻፍኩት።

ትናንት ብሬክ ላይ ሊቲያ ጎደሬዋን ከፍታ፣ «ማኒ፣ ነይ!» ብላ ጠራችኝ፤ ማንኪያ ለሁለት አውጥታለች። ጋሼ ዘውዱ ኩባያዎቹን ደርድረው ይቀዱ ነበር፤ ወደ ድሮው ልማዳቸው ከተመለሱ ቆይተዋል። የመጀመሪያውን ሞልተው ይዘውልኝ መጡ። ፊታቸው ላይ ቂም የለም፣ ነገርም የለበትም፤ ሰው መውጋት አያውቁበትም።

«እንቺ ማንያህልሻል» አሉኝ። «ቅድሚያ ጠጪ።»

ሊቲያ ማንኪያዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ኩባያውን ተቀበልኳቸውና ጠጣሁ።